ብርድ ልብሱን ግለጡ

ሲስተር ፀሐይወርቅ ለአዋላጆች የምታዘጋጀውን ትምህርት በድምፅ የምትቀዳው አንሶላ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ በታጠፈ አንሶላና ብርድ ልብስ ተሞልቷል። ቦታውን ያገኘችው ሊድያ ናት። ሊድያ ከአዳማ ተመድባ ባሕር ዳር የመጣች ወጣት አዋላጅ ነርስ ናት። በአንድ የምሳ ሰዓት ሆስፒታሉን ሁሉ እያጨበጨበች ዞረችና ድምፅ የማያስተጋባው ይህ ክፍል ብቻ መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በሩን ዘግተው፣ ስልካቸውን የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀምጠው ሃያ ደቂቃ ያህል ያወሩ ነበር።

ዝግጅቱን «ከማዋለጃ ክፍል» አሉት። ፖድካስት የሚለውን ቃል ያመጣችው ሊድያ ናት። ፀሐይወርቅ ግን «ዛሬ የምን ወሬ እናውራ?» ነበር የምትለው። ሃያ ሁለት ዓመት አዋልዳለች፤ ወሬ አላጣችም።

ነገሩን የጀመሩት በንዴት ነው። የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና በተባለ ቁጥር ከየጤና ጣቢያው አንዳንድ አዋላጅ ወደ ከተማ ይጠራል። ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፈርሞ፣ ምሳ በልቶ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ ይመለሳል። በእነዚያ ሦስት ቀናት አንበሳሜ ወይም ጢስ ዓባይ ላይ ምጥ የያዛት ሴት የተቆለፈ በር ታገኛለች። ፀሐይወርቅ እንዲህ ያለ በር ያጋጠማትን ሴት አንድ ጊዜ መኪና ውስጥ አዋልዳታለች። «ሰውን ከሚያመጡት ትምህርቱን ለምን አይልኩትም?» አለች ያን ቀን። ሊድያም «እንላከው እንጂ» አለቻት።

በቴሌግራም ጀመሩ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ መድኃኒት ሊወስዱ ባሕር ዳር የሚመጡ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች በሚሞሪ ካርድ እየገለበጡ ይዘውት ሄዱ። አንበሳሜ ላይ አንዲት አዋላጅ ልብስ ስታጥብ ታደምጠዋለች። ጢስ ዓባይ ላይ አንዱ ቤት ለቤት ሲዞር፣ መንገድ ለመንገድ በጆሮው ሰክቶት ይሄዳል። ፀሐይወርቅ ፊታቸውን አታውቀውም። ድምፃቸውን ግን ታውቀው ነበር፤ ጥያቄያቸውን በድምፅ ይልኩላታልና።

በአሥራ ዘጠነኛው ሳምንት ስለ ደም መፍሰስ የመናገር ተራው ደረሰ። ሊድያ ከመጽሐፍ አዘጋጅታ መጥታ ነበር። ፀሐይወርቅ ወረቀቱን ተቀብላ አየችውና አጥፋ ብርድ ልብሶቹ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን ያውቁታል» አለች። «እኔ ያደረግሁትን ልንገራቸው።»

ሊድያ መቅጃውን ከፈተች። ፀሐይወርቅ ዓይኗን ባልዲው ላይ ተክላ እንዲህ አለች፦

«ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ጥር ላይ። ከሐይቁ ማዶ በጀልባ የመጣች አንዲት የቄስ ሚስት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ በሰላም ወለደች። የእንግዴ ልጁም ወጣ። ሆዷን ዳሰስሁት፤ ማህፀኗ ጠንክሯል። ‹በረደኝ› አለችኝ። ከወለዱ በኋላ መንቀጥቀጥ ያለ ነው ብዬ ብርድ ልብስ አለበስኋት። አሁንም ‹በረደኝ› አለች። ባለቤቷ ውጭ ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ላኩላት። እሱንም ደረብሁላት። ከዚያ ሌላ ሴት ምጥ አፋፍሟት ገባችና ወደዚያ ሄድሁ። ካርዷ ላይ ‹ደህና ናት› ብዬ ጽፌያለሁ። አርባ ደቂቃ ቆየሁ። ስመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ብርድ ልብሱን ብገልጠው ፍራሹ ደሙን ጠጥቶታል። የማህፀን በሯ ተቀዶ ነበር፤ ደሙ ከዚያ ነው የሚፈስ። ማህፀኗ ስለ ጠነከረ ደህና መስላኝ ነበር። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ማህፀን ጠንክሮም ደም ይፈሳል። በየአሥራ አምስት ደቂቃው ግለጡና እዩ። ‹በረደኝ› ስትላችሁ ከማልበሳችሁ በፊት ግለጡ። እኔ አልገለጥሁም። ሞተችብኝ።»

ሊድያ ያን ቀን ምንም አልጨመረችበትም። ስሙን ብቻ «ብርድ ልብሱን ግለጡ» ብላ ለቀቀችው።

ከዝግጅታቸው ሁሉ እንደዚያኛው የተሰማ የለም። በሁለተኛው ወር የአንበሳሜዋ አዋላጅ ድምፅ ላከች። ትናገርና ታለቅሳለች። «ሲስተር፣ ዛሬ ‹በረደኝ› ያለችኝን ሴት ገለጥኋት። ደሙ ከሥሯ ኩሬ ሠርቶ ነበር። በአምቡላንስ ልከናት ተርፋለች። እኔ እኮ ላለብሳት ነበር፤ ብርድ ልብሱን ይዤው ነበር» ትላለች። ፀሐይወርቅ ይህን መልእክት ብዙ ጊዜ አዳመጠችው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ደረቷ ትንሽ የቀለላት ያን ሰሞን ነው።

በሐይቁ ሌላው ዳር፣ ደልጊ ላይ ደግሞ ማህሌት የምትባል አዋላጅ አለች። አንድ ረፋድ የመድኃኒት መደርደሪያዋን እያስተካከለች፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ያንን ትምህርት ታደምጥ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አንድ ቄስ ጆሮዋን ያመማትን ሴት ልጃቸውን አቅፈው ወረፋ ይጠብቃሉ። ቄስ መርስዔ ኀዘን ይባላሉ። ሚስታቸው ከሞተችባቸው በኋላ ከዘጌ ለቀው፣ ሕፃኗን ይዘው ደልጊ እናታቸው ቤት የገቡ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ የሰሙት ቃሉን አይደለም፤ ድምፁን ነው። ያንን ድምፅ በሕይወታቸው አንድ ቀን ብቻ ሰምተውታል፤ ግን አልረሱትም። ተነሥተው ወደ በሩ ቀረቡ። ትምህርቱ ጋቢው ጋ ሲደርስ ልጅቱን መሬት አስቀመጧት። ማህሌት ዘወር ስትል ቄሱ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል።

«አባ፣ ምን ሆኑ? ልጅቱ ባሰባት?»

«ልጄ፣ ይቺ የምትናገረዋ ሴት የት ነው ያለች?»

ማህሌት ምንም ሳትጠረጥር ነገረቻቸው። እንዲያውም በኩራት ነው የነገረቻቸው።

ቄስ መርስዔ ኀዘን በሳምንቱ ባሕር ዳር ገቡ። መንገዱ ተዘግቶ ጎንደር ላይ ሁለት ቀን ቆይተዋል። የሆስፒታሉ ጥበቃ ሲስተር ፀሐይወርቅን ጠርቶላቸው ስትወጣ፣ በሩ አጠገብ ነጠላ የለበሱ፣ ጥምጣም ያልጠመጠሙ፣ ቀጠን ያሉ ሰው አየች። አላወቀቻቸውም።

«ሲስተር ፀሐይወርቅ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ምን ልታዘዝ?»

«መርስዔ ኀዘን እባላለሁ። የዘጌው። የባንቺአየሁ ባል ነኝ።»

የዚያችን ሴት ስም ከሦስት ዓመት ወዲህ ማንም ፊቷ ጠርቶት አያውቅም ነበር። የለበሰችውን ነጭ ጋዋን ኪስ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ሰው በሚተላለፍበት ቆማ ልታወራቸው አልቻለችም። ከግቢው አወጣቻቸውና ጥቂት እንደ ተራመዱ ከሐይቁ ዳር አንድ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ውሃውን ወደ ዳር እየገፋው ነበር።

«አባ፣ ትምህርቱን ሰምተውት ነው» አለች ፀሐይወርቅ። «ስሟን አልጠራሁም። ዘጌንም አላልሁም። ግን ሳላስፈቅድዎ ነው የተናገርሁት። በዚህ ቢቆጡኝ…»

«በዚህ አይደለም የመጣሁ» አሉ ቄሱ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ። ዘግይተን ነበር?»

ፀሐይወርቅ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የነገሩኝን ያስታውሱታል?»

«አስታውሳለሁ።»

«ምን ነበር ያሉኝ?»

«‹ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ› አልሁዎ።»

«እንደሱ ነው ያሉኝ።» ቄሱ ወደ ውሃው እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ እርስዎ አያውቁም። ቀኑ አስተርእዮ ማርያም ነበር። ባንቺ ሌሊቱን አሟት አደረ። ቅዳሴው የእኔ ተራ ነው። አንዱ ካህን ታሟል፤ እኔ ከቀረሁ አምስቱ ቀዳሽ ልዑካን አይሟሉም፤ በእመቤታችን በዓል የደብሩ ቅዳሴ ሊታጎል ነው። ምን ላድርግ አልኋት። ‹ቀድሰህ ና፤ እኔ እችላለሁ› አለችኝ። ቀደስሁ። እሷ ደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ ተደግፋ እየጠበቀችኝ እኔ ውስጥ እቀድሳለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ ጀልባ ለምኜ ይዣት መጣሁ።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«እርስዎ ያንን ቃል ሲነግሩኝ፣ ‹የገደላት ቅዳሴዬ ነው› አልሁ። ከዚያ ወዲህ መቅደስ አልገባሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ። ዘጌ ላይ ያን ደጀ ሰላም ባየሁ ቁጥር ተደግፋ የቆመች ይመስለኛል፤ ለዚያ ነው ጥዬ የሄድሁ። የንስሐ አባቴ መከሩኝ፣ እናቴ አለቀሰችልኝ፣ ጳጳሱ ዘንድ ወሰዱኝ። ለአንዳቸውም መናገር አልቻልሁም። ምን ብዬ ልናገር? እግዚአብሔርን ሳገለግል ሚስቴን ገደልሁ ልበል?»

ፀሐይወርቅ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

«አሁን ይንገሩኝ። ዘግይተን ነበር?»

«አልዘገያችሁም» አለች። «አምስት ሰዓት ላይ ነው የገባችሁ። ምጧ ገና ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ እጄ ላይ ነበረች። አባ፣ በዋዜማው እንኳ ብታመጧት ኖሮ ያው የእኔ እጅ ነበር የሚጠብቃት። ቅዳሴው ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ።»

ቄሱ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እጃቸውን ሲያነሡ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«ታዲያ ለምን አሉኝ?»

«ፈርቼ ነው። እርስዎ ‹ምን ሆነች?› ብለው አዩኝ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። እኛ ሁልጊዜ የምንለው ነው፤ ‹ዘግይታችሁ ነው›። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ያን ቀን ግን አልነበረም፤ እኔም አውቄው ነበር።»

«ጋቢዬን እርጥቡን ነው የመለሱልኝ» አሉ ቄሱ።

«ሳልሰጥዎ በፊት አጠብሁት።»

«እንዳላይ ነው?»

«እንዳያዩ ነው።»

አንድ ዓሣ አስጋሪ በደንገል ታንኳ እየቀዘፈ ፊት ለፊታቸው አለፈና በእጁ ሰላምታ ሰጠ። ማናቸውም አልመለሱለትም።

«ለአዋላጆቹ ሁሉ ሲናገሩ፣ ይህንን ለምን ተዉት?» አሉ ቄስ መርስዔ ኀዘን። «አርባ ደቂቃውን ተናገሩ፤ ካርዱን ተናገሩ፤ ጋቢዬን ሳይቀር ተናገሩ። ለእኔ ያሉኝን ግን ዘለሉት።»

ፀሐይወርቅ ያን ሐሙስ አንሶላ ክፍል ውስጥ ሁሉንም የተናገረች መስሏት ነበር። ያንን ዓረፍተ ነገር ረስታው አልነበረም፤ ትምህርት አልመሰላትም ነበር።

ከድንጋዩ ተነሥታ መሬት ላይ ተንበረከከች። «ይፍቱኝ አባ።»

«ይነሡ፤ ይነሡ እባክዎ» አሉ ቄሱ ራሳቸውም ብድግ ብለው። «ቄስ ሆኜ አልመጣሁም። ባሏ ሆኜ ነው የመጣሁ።»

ጥቂት ሄድ ብለው ተመለሱ። «የቀረውንም ይናገሩት። የእኔን ስም አይጥሩ፤ የእሷንም አይጥሩ። ብቻ ይናገሩት። እንደ እኔ ስንቱ ሰው ይህንን ተሸክሞ በየቤቱ ተቀምጦ ይሆናል።»

ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ብቻቸውን ሄዱ። ልሸኝዎ ስትላቸው እምቢ አሏት።

በማግሥቱ አንሶላ ክፍል ውስጥ ፀሐይወርቅ የሆነውን ሁሉ ለሊድያ ነገረቻት፤ ሐሙስ ዕለት «ለቤተሰብ የምንናገረው» የሚል ትምህርት መቅዳት እንደምትፈልግም አስታወቀቻት። ሊድያ ደነገጠች።

«ሲስተር፣ የመጀመሪያው ሌላ ነው። ስሕተት ማንም ላይ ይደርሳል። ይሄ ግን ዋሽተናል ማለት ነው። ኃላፊዎቹ ቢሰሙ ዝም አይሉሽም።»

«ዋሽተናላ።»

«አንቺ አንድ ጊዜ ፈርተሽ ነው።»

«አንቺስ ‹ዘግይታችሁ ነው› ብለሽ አታውቂም?»

ሊድያ የታጠፈ አንሶላ አወረደች፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው። «ሁለቴ ብያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «አንዷ የሞተችብን ሴት እናት ናት። ልጇን በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተዋት ነበር። ‹ቶሎ ብታመጧት ኖሮ› አልኳት። ኦክስጅኑ አልቆ እንደነበረ አልነገርኳትም። ሴትዮዋ ጉልበቴን ይዛ ‹እውነትሽን ነው ልጄ› ብላ አመሰገነችኝ።»

ሐሙስ መቅጃውን ከፈቱት። ትምህርቱ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ሁለት ጊዜ አቋርጠውታል፤ አንዴ ፀሐይወርቅ፣ አንዴ ሊድያ መናገር አቅቷቸው። ስለ ቅዳሴው ምንም አላሉም፤ አንድ ባል ሦስት ዓመት ሙሉ ራሱን እንደ ገዳይ ሲቆጥር መኖሩን ብቻ ተናገሩ። የመጨረሻው ቃል የፀሐይወርቅ ነበር። «እውነቱን መናገር ባትችሉ፣ ‹አላውቅም› በሉ። ‹ዘግይታችሁ ነው› አትበሉ። እሱን ቃል ሰው ቤቱ ይዞት ይሄዳል።»

የለቀቁት ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት ፀሐይወርቅን የክፍሉ ኃላፊ አስጠሯት። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደክሟቸዋል።

«ማን አዘዘሽ?» አሉ። «ነገ ሰው ሁሉ ‹እኔንም ዋሽተውኛል› ብሎ ቢመጣ ምን ልንል ነው?»

«እውነቱን እንላለን» አለች ፀሐይወርቅ። ቀጥላም አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። የባንቺአየሁ ሞት በተመረመረ ጊዜ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ምክንያት «ዘግይታ የመጣች» ነው። የጻፉት ሌሎች ቢሆኑም ቃሉ የፀሐይወርቅ ነበር። እንዲታረም ለመነቻቸው።

«የተዘጋ ፋይል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ማን ይከፍተዋል?»

«እኔ ልፈርምበት።»

«ፀሐይወርቅ፣ ውጪልኝ።»

በሳምንቱ ከማዋለጃ ክፍል አንሥተው ካርድ ክፍል መደቧት። ሃያ ሁለት ዓመት ሕፃን የተቀበለ እጅ የታካሚ ካርድ በፊደል ተራ መደርደር ያዘ። «ከማዋለጃ ክፍል» የተባለው ዝግጅት አልቆመም፤ ሊድያ ብቻዋን ቀጠለችው። ለሁለተኛው ትምህርት የሚመጣው መልስ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ምስጋና አልነበረውም፤ ጥያቄም አልነበረውም። አንዱ ከጢስ ዓባይ «እኔም ብያለሁ» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ «እኔም» አለች። ከዚያ ሌላ። በሁለት ወር ውስጥ ሠላሳ ሰባት ሰው «እኔም ብያለሁ» ብሎ ጻፈ። ፀሐይወርቅ ካርድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ እነዚህን መልእክቶች አንድ በአንድ ታነብና ከእያንዳንዱ በስተጀርባ ያለውን ሰው ታስብ ነበር፤ ሳይዘገይ ዘግይተሃል የተባለውን።

ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ፈቃድ ወስዳ ደልጊ ሄደች። በገዛ እጇ የጻፈችውን አንድ ወረቀት በፖስታ ይዛለች። ማህሌት ተቀብላ ቤቷ አሳረፈቻት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም እነ ቄስ መርስዔ ኀዘን ቤት ወሰደቻት።

በሩ ላይ የቄሱ እናት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጤፍ ያበጥሩ ነበር። እንግዳይቱ ማን እንደ ሆነች አያውቁም፤ ከባሕር ዳር የመጣች ነርስ ናት ሲባሉ «ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ» ብለው መደቡ ላይ አስቀመጧቸው። ሕፃኗ ሚስጥር ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ሦስት ዓመት ተኩል ይሆናታል። ማህሌትን ስላወቀቻት ጆሮዋን በጣቷ እያሳየች «ድኗል» አለቻት። ከዚያ ፀሐይወርቅን ጥቂት አየቻትና ዝም ብላ ጉልበቷ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ይህችን ልጅ በዓለም ላይ መጀመሪያ ያቀፈቻት ፀሐይወርቅ ናት። እናቷ ሳታያት በፊት እሷ አይታታለች። አሁን ልጅቱ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየተከተለች ስትጫወት ፀሐይወርቅ እጇን የት እንደምታደርግ ጠፋባት። ልታቅፋት አልደፈረችም፤ ልታወርዳትም አልቻለችም።

ቄሱ ከእርሻ ሲመለሱ ያገኟቸው እንዲህ እንደ ተቀመጡ ነው። በሩ ላይ ቆሙ። ሰላምታ ሰጡ። እናታቸውን «እማዬ፣ ሚስጥርን ይዘሻት ውጪ» አሏቸው። ማህሌትም ተከትላ ወጣች።

ፀሐይወርቅ ፖስታውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አጭር ነበር። ባንቺአየሁ በዚህ ቀን፣ በአምስት ሰዓት ሆስፒታል ገባች፤ በስምንት ሰዓት ወለደች፤ አልዘገየችም፤ የሞተችው አዋላጇ ፀሐይወርቅ ደም እየፈሰሳት መሆኑን በጊዜ ስላላየች ነው። ከሥሩ ስሟና ፊርማዋ አለ።

«መዝገቡን አናርምም አሉኝ» አለች። «እኔ ግን ጻፍሁት። ሚስጥር ስታድግ ብትጠይቅዎ ያሳዩዋታል።»

ቄሱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሁለተኛውን ትምህርትዎን ማህሌት አሰማችኝ» አሉ። «ባሕር ዳር የመጣሁ ጊዜ፣ አለመዘግየታችንን ባውቅ የሚቀልለኝ መስሎኝ ነበር። ስሄድም መንገዱን ሁሉ ‹አልዘገየሁም፣ አልዘገየሁም› እያልሁ ነው የሄድሁ። የማርያም ዕለት ሊቀድሱ ነው አሉና፣ ገላዬን ታጥቤ፣ ልብሴን ለብሼ ተነሣሁ። ደወሉ ሲደወል እግሬ ተያዘ። አሁንም የምትመጣብኝ ያቺ ጠዋት ናት። ቅዳሴው እንዳልገደላት አውቃለሁ። ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ እኔን ስትጠብቀኝ ብቻዋን ነው ያመማት። እሱን ማን ይመልስልኛል?»

ፀሐይወርቅ «የለም፤ የሚመልሰው የለም» አለች።

«የለም» አሉ እሳቸውም። «እውነቱን ስለ ነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥዎ። አልጠላዎትም። ግን ሁለተኛ አይምጡ። ልጄ ጉልበትዎ ላይ ተቀምጣ ሳያት ዛሬ…» አልጨረሱትም።

«አልመጣም አባ።»

ወረቀቱን አጥፈው ከመጻሕፍታቸው መካከል አስገቡትና እናታቸውን ጠርተው ለእንግዳዋ የሚበላ እንዲሰጧት ነገሯቸው። እሳቸው አብረው አልተቀመጡም።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። አውቶቡሱ አራት ሰዓት ላይ ስለ ሆነ ፀሐይወርቅ ከማህሌት ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በሴቶቹ በኩል፣ ከግቢው በር ብዙም ሳትርቅ ቆመች። ወንጌል ሊነበብ ሲል ማህሌት ክንዷን ነካ አደረገቻት። ቄስ መርስዔ ኀዘን ልጃቸውን እጇን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እንደ ማንኛውም ምእመን ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ሚስጥር ወደ ውስጥ ትጎትታቸዋለች።

«እስከ ዛሬ እዚህ ድረስ እንኳ መጥተው አያውቁም» አለች ማህሌት በሹክሹክታ።

ከውስጥ ካህኑ ዜማውን አነሡ። ቄስ መርስዔ ኀዘን የምእመናኑን መልስ በከንፈራቸው ሲከተሉ ፀሐይወርቅ ከሩቅ አየች፤ አንድ ሐረግ፣ ምናልባት ሁለት። ከዚያ ከንፈራቸው ቆመ። ጎንበስ ብለው ልጃቸውን አቀፏትና ዞረው በሐይቁ በኩል ባለው መንገድ ወረዱ። ልጅቱ በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ እያየች፣ እጇን ለማንም ሳይሆን እንዲሁ ለግቢው ሁሉ ታወዛውዝ ነበር።

ፀሐይወርቅ ቅዳሴው እስኪያልቅ አልቆየችም። አውቶቡሱ ጎንደር እስኪገባ ድረስ ከጎኗ የተቀመጡት ሴት ምን እንዳመማት ሦስት ጊዜ ጠየቋት፤ ሦስቱንም ጊዜ «ምንም አላመመኝም እናቴ» አለቻቸው።